ከዶሎ ኦዶ ለመጣ ሰው፦ ለተለዋዋጭ በረዶ የሚሆን ስኪ አመራረጥ

ዶሎ ኦዶ ላይ በረዶ የሚገኘው ለስላሳ ከሚቀዘቅዝበት ሳጥን ውስጥ ነው። ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባን በሚፈጥሩበት በዚያ ቆላ ያደገ ሰው ስለ ስኪ ምን አገባው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአካባቢው ከተከፈቱት መጠለያዎች፣ ከቦቆልማዮ፣ ከመልካዲዳ፣ ከኮቤ፣ ከሂላወይንና ከቡራሚኖ ተነስተው ወደ ሦስተኛ አገር የተሻገሩ አሉ። ከነገሌና ከፊልቱም በትምህርት ወይም በቤተሰብ ጥሪ የሄዱ አሉ። ኦስሎ ወይም ስቶክሆልም ተቀምጠው የጎረቤታቸውን ልጆች ስኪ ታጥቀው ሲወጡ ሲያዩ ከርመው «እኔስ?» ያሉ ካሉ ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው። የበረዶ አገር ሰዎችም ቢሆኑ ወደ እኛ ቆላ መምጣታቸው ቀድሟል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን መልካዲዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ሳለ ዲሴምበር 30 ቀን 1935 ከአውሮፕላን ቦምብ ተጥሎበታል።

በእኛ ዘንድ ስኪ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ስም ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተሰልፏል። ሁለቱንም ጊዜ የተወዳደረው በ15 ኪሎ ሜትር ነበር። እሱን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ሱቅ ገብቶ «እንደዚያ ዓይነት ስጡኝ» ቢል አይገርምም። ችግሩ ያ የእሽቅድምድም ስኪ መሆኑ ላይ ነው። ቀጭንና ቀላል ነው፤ የብረት ጠርዝ የለውም፤ የተሠራውም መኪና ደልድሎ መስመር ላወጣለት በረዶ ነው። ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወጣ ቢሉበት እስከ ጉልበትዎ ይሰምጣሉ። እዚህ የምናወራው ሌላ ስለሆነው ስኪ ነው፤ የጀርባ ቦርሳ አዝለው ጫካ አቋርጠው፣ ሜዳውን አልፈው፣ ዳገት ወጥተው የሚመለሱበት። ኖርዌይ ሱቅ ውስጥ «ፊየልስኪ»፣ ስዊድን ውስጥ «ፊየልሺዶር» ብለው ከጠየቁ ወደ ትክክለኛው መደርደሪያ ይወስድዎታል።

ሻጮች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት «ምን ያህል ትችላለህ?» ብለው ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ብዙውን ሰዓት ምን ዓይነት በረዶ ላይ ነው የሚያሳልፉት? ስኪ የሚመረጠው በዚህ መልስ ነው። በማስታወቂያ ፎቶግራፍ ላይ ያለው ሰው ከተራራ ሲወርድ የሚያስነሳው ነጭ አቧራ ያማልላል፤ እርስዎ ግን ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት ደልዳላ ቦታና ለስላሳ ዳገት ላይ ነው የሚራመዱት።

በረዶውን ይወቁ

ማርች መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ተራራ ላይ የዋለ ሰው አራት ዓይነት በረዶ ያገኛል። ጠዋት፣ ትናንት የቀለጠው ሌሊቱን ጠጥሮ እንደ ሲሚንቶ ሆኗል፤ አያሰምጥም፣ ወደ ጎን ግን ያንሸራትታል። ጥድ ጫካው ጥላ ውስጥ ሲገቡ ፀሐይ ያልነካው ቀዝቃዛ ዱቄት ይጠብቅዎታል። ዛፍ ከሌለበት ከፍታ ላይ ነፋስ የጠረበውና ያጋደመው ጠንካራ በረዶ አለ፤ ሞገድ ሞገድ ሆኖ እግር ያናውጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ በሚመታው ወገን ውሃ የጠጣ፣ ከስኪ ሥር የሚጣበቅ በረዶ ይሆናል። አራቱን እኩል የሚችል ስኪ የለም። ማንኛውም ስኪ አንዱን ሲያሻሽል ሌላውን ይቀንሳል፤ ሻጩ «ሁሉንም ይሠራል» ካለዎት ሁሉንም መካከለኛ አድርጎ ይሠራል ማለቱ ነው፤ ለጀማሪ እሱም መጥፎ አይደለም።

የሚኖሩበት ቦታ ከብራንዱ ይበልጣል። የኖርዌይ ፊንማርክ ወይም ወደ መሀል አገር ያለው ሸለቆ ብርዱ ለሳምንታት ሳይቆረጥ ስለሚቆይ በረዶው ደረቅና ወጥ ነው። በርገንን ወደ መሰለ ባሕር ዳር ከሄዱ የሙቀት መጠኑ ዜሮ አካባቢ ወጣ ገባ ይላል፤ ጠዋት ዝናብ፣ ማታ ግግር። ኦስሎ በመሀሉ ናት፤ ሁለቱንም ታያለች። የሚሄዱባቸውን ሦስት አራት ቦታዎች ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ከእያንዳንዱ ጎን ምን ዓይነት በረዶ እንደሚበዛ አገሬውን ጠይቀው ቢያሰፍሩ ሱቅ ውስጥ ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል።

ከስኪው በፊት ጫማ

ገንዘብዎ ለአንድ አዲስ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጫማ ይግዙበት። ያገለገለ ስኪ መልካም ነው፤ በሌላ ሰው እግር የተቀረጸ ጫማ ግን ተረከዝ ይልጣል፣ ቤትዎ ሦስት ሰዓት ሲቀርዎ የተላጠ ተረከዝ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሱቅ የሚሄዱት ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ካበጠ ወዲያ ይሁን፤ የሚያደርጉትን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይዘው ይሂዱ። ጫማውን አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ጣቶችዎ መላወስ አለባቸው፤ ጣት ካልተላወሰ ደም አይዘዋወርም፣ ብርዱም በዚያ ይገባል። ከዚያ በእግር ጣትዎ ጫፍ ቆመው ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ስኪ ሲሄዱ በየእርምጃው ተረከዝ ይነሳል፤ ከጫማው ውስጥ ተረከዝዎ ለብቻው ቢነሳ ያ ጫማ የእርስዎ አይደለም።

ጫማው ከስኪው ጋር የሚያያዝበትን ማሰሪያ ይወስናል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው አይለዋወጡምና። በገበያ ላይ ሦስት ቤተሰቦች አሉ። አንጋፋው ባለ ሦስት ጥርሱ 75 ሚሊ ሜትር ነው፤ መሠረቱ ብሮር ዊት የተባለ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1927 የሠራው «ሮተፌላ» ማሰሪያ ነው። ዲዛይኑ ቀላል ስለሆነ ተራራ ላይ ቢሰበር በሽቦ አስሮ ቤት መድረስ ይቻላል። ሁለተኛው «ኤንኤንኤን ቢሲ» ነው፤ ከጫማው ጫፍ ሥር ያለች ወፍራም ብረት ማሰሪያው ላይ ትቆለፋለች። አብዛኛው ሰው የሚይዘው ይህን ነው፤ ያገለገለም በብዛት ይገኛል። ሆኖም ከቀጭኑ የእሽቅድምድም ኤንኤንኤን ጋር ስማቸው ቢመሳሰልም አይገጣጠሙም፤ በኢንተርኔት ያገለገለ ሲገዙ ፎቶውን ደጋግመው ይዩ። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ኤክስፕሎር» ነው፤ ቁልቁለት ላይ የተሻለ መቆጣጠሪያ ይሰጣል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። ለጀማሪ ኤንኤንኤን ቢሲ ይበቃል ባይ ነኝ።

ስፋት

ስኪ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ፤ የአፍንጫው፣ የወገቡና የጅራቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። አሸዋ ላይ የሚገባ ሾፌር ጎማውን እንደሚያስተነፍሰው ሁሉ፣ ስኪም ሲሰፋ ክብደትዎ ብዙ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ዱቄቱ ውስጥ አይሰምጥም። ዋጋው ጠጣር በረዶና ደልዳላ መንገድ ላይ ይከፈላል፤ ሰፊ ስኪ ከብዶ ይጎተታል፣ መኪና ባወጣው መስመር ውስጥም አይገባም።

በደፈናው ልከፋፍለው። ወገቡ ከ50 እስከ 56 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኪ ለረጅም ጉዞና ለጠጣር በረዶ ነው፤ መስመር ውስጥም ይገባል። ከ60 እስከ 70 ያለው መሀል ሰፋሪ ነው፤ ጫካም ሜዳም ትንሽ ቁልቁለትም ይችላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ዋናው ዓላማው መውረድ ነው። ለምሳሌ ፊሸር የተባለው ፋብሪካ «ኤስ ባውንድ 98» ቁጥሩ 98፣ 69፣ 88 ነው፤ ታላቁ «ኤስ ባውንድ 112» ደግሞ 112፣ 78፣ 95 ነው። ሁለቱን እጅዎ ላይ ሲይዟቸው የክብደቱ ልዩነት ወዲያው ይሰማዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፋብሪካዎቹ ስም ሲያወጡ ቁጥሩን ከተለያየ ቦታ ነው የሚወስዱት። የፊሸር «ትራንስኖርዲክ 66» ስሙ ውስጥ ያለው 66 የአፍንጫው ስፋት ነው፤ ወገቡ 54 ነው። የኦስነስ «ጋመ 54» ደግሞ ስሙን ያገኘው ከወገቡ ነው። ስሙን ብቻ ያየ ሰው አንዱ ከሌላው 12 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ይመስለዋል፤ ከእግር ሥር ግን እኩል ናቸው። ሁልጊዜ የመሀለኛውን ቁጥር ይጠይቁ።

ከነገሌ ወይም ከዶሎ መጥተው በኦስሎ ዙሪያ ለሚኖሩና የመጀመሪያቸው ለሆነ፣ ወገቡ ከ60 እስከ 65 ሚሊ ሜትር የሆነውን እመርጥላቸዋለሁ። የኖርዌይ አንጋፋዎች በዚህ አይስማሙም፤ ቀጭኑንና ረጅሙን ነው የሚወዱት። እነሱ ግን ከመራመዳቸው በፊት ስኪ ላይ የቆሙ ናቸው።

ርዝመትና ክብደት

ድሮ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ እስከ እጅ አንጓ የሚደርሰውን መውሰድ ነበር ልማዱ። አሁን የሚሠራው ሚዛን ነው፤ ፋብሪካው ለየርዝመቱ የሚሸከመውን ኪሎ በሰንጠረዥ ያወጣል። እዚያ ላይ የሚያስገቡት የራስዎን ክብደት ብቻ አይደለም፤ የቦርሳውን፣ የልብሱን፣ የውሃውንም ይጨምሩ። 72 ኪሎ የሆነ ሰው 12 ኪሎ ተሸክሞ ከሄደ ሰንጠረዡ ውስጥ 84 ኪሎ ነው። ሁለት ርዝመት መካከል ቢወድቁና የሚሄዱበት ቦታ ዛፍ የበዛበት ከሆነ አጭሩን ይውሰዱ፤ ገላጣ ሜዳ ከሆነ ረጅሙን።

የወረቀት ፈተና

ይህን ክፍል አይዝለሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርዝመቱ ላይ ሳይሆን ቅስቱ ላይ ነው። ስኪን መሬት ላይ ቢያስቀምጡት መሀሉ ከመሬት ይነሳል፤ ያ ቅስት ነው። ሥራው ሁለት ነው። በሁለት እግር ቆመው ሲንሸራተቱ መሀሉ በረዶውን ሳይነካ ጫፎቹ ብቻ ይነካሉ፤ አንድ እግር ላይ ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ሲገፉ መሀሉ ተጭኖ በረዶውን ይነክሳል። መንከሱና መንሸራተቱ እየተፈራረቁ ነው የሚያስኬዱዎት።

ፈተናው ቀላል ነው። ሁለቱን ስኪ ወጥ በሆነ ጠንካራ ወለል ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ቦርሳዎን እንደሚሄዱ አድርገው ሞልተው ያዝሉ። ጫማ የሚገባበት ቦታ ላይ በሁለት እግር እኩል ይቁሙ። ሌላ ሰው አንድ የወረቀት ቅጠል ከእግርዎ ሥር ያስገባና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሳበው። ወረቀቱ ከጫማዎ ፊት ጥቂት ተጉዞ ወደ ኋላም እስከ ተረከዝዎ ያለ ችግር ሊንቀሳቀስ ይገባል። አሁን ክብደትዎን በሙሉ አንዱ ላይ ይጣሉ። ወረቀቱ ተጨብጦ መቅረት አለበት። በሁለት እግር ቆመው ወረቀቱ ከተያዘ ስኪው ለእርስዎ ለስላሳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይጎትትዎታል። በአንድ እግር ቆመውም ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ጠንክሮብዎታል፤ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይመልስዎታል። ሻጩ ይህን ለማድረግ ከሰለቸ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ከሁለቱ ጉድለት የትኛው ይሻላል ካሉ፣ ጫካ ለሚዞር ጀማሪ ትንሽ የለሰለሰው ይሻላል። ለስላሳው ዱቄት ውስጥ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ጠንካራው ግን ጉልበትንና ልምድን ይጠይቃል።

ቅርፊት፣ ሰም ወይስ ቆዳ?

ዳገት ላይ ወደ ኋላ እንዳይመለሱ የሚይዝዎት ነገር ከሦስቱ አንዱ ነው። ቅርፊት ማለት ከእግር ሥር እንደ ዓሣ ቅርፊት የተጠረበ ፕላስቲክ ነው፤ ምንም ዝግጅት አይፈልግም። ትንሽ ድምፅ አለው፣ ትንሽም ያዘገያል፤ የሙቀት መጠኑ ዜሮ ላይ ሲወላውል ግን የሚስተካከለው የለም፣ በዚያ ሰዓት ሰም የቀባው ጓደኛዎ በየግማሽ ሰዓቱ ቆሞ ሲፍቅ ያዩታልና።

ሰም በበረዶው ሙቀት መጠን ይመረጣል። ከዜሮ በታች 8 ዲግሪና ከዚያ በላይ ብርድ ሲሆን አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሰማያዊ፣ ዜሮ አጠገብ ሐምራዊ፣ እርጥብ ሲሆን ቀይ ይቀባል፤ ግግር ላይ ደግሞ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ «ክሊስተር» የሚባል አለ፤ እጅም ልብስም መኪናም ያበላሻል። ደረቅ ብርድ ባለበት አካባቢ ለሚኖር ሰም ፈጣንና ዝምተኛ ነው፤ ሰማያዊዋን ብቻ ይዞ ወር የሚከርም አለ። ሌላው ሰው ቅርፊት ይግዛ።

ቆዳ ስኪው ሥር የሚለጠፍ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ጨርቅ ነው፤ ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ወደ ኋላ ይይዛል። አሁን ብዙ ስኪዎች ከእግር ፊት ለፊት ትንሽ መሰኪያ ስላላቸው ከወገቡ በታች ብቻ የሚለጠፍ አጭር ቆዳ ይገጠምባቸዋል። ቅርፊት ያለው ስኪና ኪስ ውስጥ የምትገባ አጭር ቆዳ አንድ ላይ ከያዙ ከአራቱ በረዶ ሦስቱን ያለ ጭንቀት ይሄዳሉ። የረጠበ ቆዳ ማታ ቤት ሲገቡ አውጥተው ያድርቁት፤ ምድጃ ላይ ግን አይስቀሉት፣ ማጣበቂያው ይቀልጣል።

ጠርዝና ዘንግ

የብረት ጠርዝ ክብደት ይጨምራል፤ ቢሆንም ከመስመር ለሚወጣ ሰው ግዴታ ነው። የጠጠረ በረዶ ላይ ጎንዎን ሰጥተው ዳገት ሲያቋርጡ የሚይዝዎት እሱ ብቻ ነው። በእጅ የሚይዙትን ዘንግ በተመለከተ፣ ርዝመቱ የሚለዋወጥና ታችኛው ክቡ ሰፊ የሆነ ይሁን፤ የቀረው ምርጫዎ ነው።

ከየት ይገኛል?

ኖርዌይ ውስጥ «ቡኣ» የሚባሉ የስፖርት ዕቃ ማዋሻዎች በየከተማው አሉ፤ በነፃ ነው። ስዊድን ውስጥ «ፍሪቲድስባንከን» በነፃ ለ14 ቀን ያውሳል። ከመግዛትዎ በፊት ከእነዚህ ተውሰው አንድ ሁለቴ ይሞክሩ። ስዊድን ውስጥ ከቦርሌንገ የተነሱ ሶማሌዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ኢርኩትስክ ላይ ባንዲ በሚባለው የበረዶ ላይ ገና ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ተሰልፈዋል፤ አብዛኛው በበረዶ ላይ የቆመው ካደገ በኋላ ነው። ስለዚህ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል ማለት ሰበብ አይሆንም።

ያገለገለ ሲገዙ ሁለቱን ስኪ ከሥራቸው አገናኝተው በብርሃን ፊት ይያዙ። መሀላቸው ላይ ክፍተት መታየት አለበት፤ ከሌለ ቅስቱ ሞቷል። ጥፍርዎን በቅርፊቱ ላይ ከጅራቱ ወደ አፍንጫው ይሳቡት፤ ካልያዘዎት አልቋል። ጠርዙ ከስኪው የተላቀቀበት፣ ውሃ የገባበት እብጠት ካዩ ይተዉት። ብዙ የብሎን ቀዳዳ ያለበትንም እንዲሁ፤ አዲስ ማሰሪያ ቢመታበት አይጸናም። ማሰሪያ አዲስ የሚመታልዎ ከሆነ፣ ስኪውን በአንድ ጣት ላይ አመጣጥነው ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ የጫማው ጫፍ የሚያያዘው እዚያ አካባቢ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ኦስሎ ያሉ ከሆነ በአንደኛው የሜትሮ መስመር እስከ ፍሮግነርሴተረን ይሂዱ፤ ከጣቢያው ሲወጡ የኖርድማርካ ጫካ ፊት ለፊትዎ ነው። ከተሰመረው መንገድ ጎን ለጎን ጫካው ውስጥ እየገቡ እየወጡ ስኪውን ይፈትኑ። ወደ ከፍተኛ ተራራ ለመሄድ አይቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 የፋሲካ ሰሞን ኖርዌይ ውስጥ 18 ሰው ተራራ ላይ ሞቷል፤ ዛሬ ሕፃን ሁሉ የሚያውቃቸው የተራራ ደንቦች በየቦታው መሰበክ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ የተዳፋ ቁልቁለት ላይ የበረዶ ናዳ ይነሳል፤ ከሥሩ ማለፍም አደጋ ነው። የዕለቱን ትንበያ «ቫርሶም» የተባለው የመንግሥት አገልግሎት ያወጣል፤ ከመነሳትዎ በፊት ይዩት። ማንኛውም ዓይነት ስኪ ከናዳ አያድንም።

ሲመለሱ ምን እንዳስቸገረዎት ለይተው ያስታውሱ። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ከተመለሱ መጀመሪያ አጭር ቆዳ ይጨምሩ፤ ስኪውን ለመቀየር አይሩጡ። ሜዳ ላይ ከተጎተቱና እግርዎ ከዛለ ስኪው ለስልሶብዎታል ወይም ሰፍቶብዎታል፤ ወደ ማዋሻው መልሰው አንድ ደረጃ ጠንከር ወይም ቀጠን ያለ ይጠይቁ። ዱቄቱ ውስጥ አፍንጫው እየተቀበረ ከጣለዎት ደግሞ ቀጥኖብዎታል። ከሦስቱ አንዱም ካላስቸገረዎት፣ ተውሰው የሄዱበትን ስኪ ስምና የመሀለኛውን ቁጥር ጽፈው ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ።